ማማ አርየት የቀመሰችው

ማማ አርየት ማረፏን የነገረኝ የኢታንግ መስመር ሾፌር ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ገና ሳይደርስ፣ ሚዛኑ ፊት ቆሜ የአንዲት ነጋዴ ሻንጣ ላይ መለያ እያሰርኩ ሳለ ከበሩ ጠራኝ።

«ሰይድ፣ ያቺ የእናንተ ጽዳት የነበረችው ሴትዮ... ትናንት እህቷ ቤት አረፈች። ዛሬ ይቀብሯታል።»

ነጋዴዋ «ስንት ኪሎ ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥሩ ፊቴ በርቷል፤ ማንበብ ግን አቃተኝ።

ሰው ሲሞት መጀመሪያ ፊቱ ይመጣል ይባላል። ለእኔ የመጣልኝ ሽታ ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃ ደፍታ የምትወለውለው ሲሚንቶ ሽታ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሜዳው ማዶ የሚነሳው የሳር ሽታ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ አየሩ ላይ የሚንሳፈፈው የነዳጅ ሽታ። እነዚህን ለይቼ እንዳውቅ ያደረገችኝ እሷ ነች። ከእሷ በፊት አፍንጫዬ መተንፈሻ ብቻ ነበር።

ማማ አርየት ጋምቤላ አየር ማረፊያ ውስጥ አብራኝ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። እሷ ወለሉን ትወለውላለች፣ እኔ ሻንጣ እመዝናለሁ። «ትወለውላለች» እያልኩ በዕድሜ እናቴን የምታህል ሴት አንቺ ማለቴ የደጋ ሰው ቅር ይለው ይሆናል። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ አጠገብ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ታላቅን «አንቱ» ማለት ከእናቴ ጡት ጋር የጠጣሁት ነገር ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀን፣ «ማማ፣ ገቡ እንዴ? ሻይ ጠጡ?» አልኳት። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ በሩን አየች።

«ማን ገቡ? እኔ ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«እርስዎን ነው፣ ማማ።»

«ገቡ፣ ጠጡ፣ ሄዱ... ስንት ሰው አደረግከኝ?» ብላ ሳቀች። «እኔ አንድ ነኝ። አንቺ በለኝ። ሰው ይነስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። አማርኛ ለእሷ በገበያና በሥራ የለመደችው ሁለተኛ ቋንቋዋ ነበር፤ የአፍ መፍቻዋ አኙዋክኛ ነው። በሁለተኛ ቋንቋዋ ግን እኔ በመጀመሪያው ማለት የማልችለውን ትል ነበር።

የእኛ አየር ማረፊያ ነፍስ የሚዘራው አውሮፕላኑ ሲመጣ ነው። ለሁለት ሰዓት ያህል ሰው ይጮኻል፣ ሻንጣ ይወድቃል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ አውሮፕላኑ ጭራውን አሳይቶ ይነሳና ሁሉም ነገር እንደ ሕልም ይበተናል። ሙቀቱ አስፋልቱን ያንቀጠቅጠዋል። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሳር ውሃ ይመስላል። በዚያ ሰዓት እኔና ማማ አርየት ከዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር እንቀመጣለን። እሷ ዓይኗን ትጨፍንና ሁለት ጣቷን አፍንጫዋ ድልድይ ላይ ታሳርፋለች። ስታሸት እንዲህ ነች። ልትናገርም ስትል እንዲህ ነች።

አንድ ጊዜ ሁለት አንድ ዓይነት ጥቁር ሻንጣዎች መለያቸው ተቀዶ ወረዱ። አንዱ የማታር ከተማ ነጋዴ ነው፣ አንዱ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ የሚሠራ ነርስ። ሁለቱም ተቆልፈዋል፣ የአንዱ ቁልፍ ደግሞ ሌላውንም ይከፍታል። ነጋዴው «ሰው ፊት ሸቀጤን አታስቆጥሩኝ» ይላል፣ ነርሱ «የግል ልብሴን ሰው ፊት አልከፍትም» ይላል። ማማ አርየት መወልወያዋን አስደግፋ መጣች። አንዱን ሻንጣ አሸተተች፣ ሌላውን አሸተተች።

«ይሄኛው ጀልባ ላይ ተኝቷል። ከደረቀ ዓሣ አጠገብ። ይሄኛው ደግሞ ሐኪም ቤት ነው ያደገው።»

ትክክል ነበረች። ነጋዴው ከፍቶ ካረጋገጠ በኋላ «ይቺ ሴትዮ ጠንቋይ ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሷ ሰማችው። «ጠማቂ ነበርኩ» አለችና መወልወያዋን ይዛ ሄደች።

ጠማቂ መሆኗን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ቀሪውን በየከሰዓቱ፣ በቁርጥራጭ ነገረችኝ። በወጣትነቷ ባሮ ዳር እንደ እሷ የማሽላ ጠላ የሚያውቅ ሴት አልነበረም። ምስጢሯ ጋኑ ነበር። ከጎደሬ ጫካ የመጣ ማር የሚቀመጥበትን ጋን ማሩ ሲያልቅ ትገዛዋለች፤ ሳታጥብ ጠላዋን ትሞላበታለች፤ አፉን አሽጋ ከወንዙ ዳር አሸዋ ውስጥ እስከ አንገቱ ትቀብረዋለች። ሲወጣ ማር የለበትም፣ ግን ማር ማር ይላል። «መጠጥ የተኛበትን ያልማል» ትለኝ ነበር። እኔ በእስልምና ያደግሁ፣ ከንፈሬ መጠጥ ነክቶት የማያውቅ ሰው፣ ያንን ጠላ የጠጣሁት እስኪመስለኝ ድረስ አውቀዋለሁ።

ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። አንዲት ልጇን አኬሎን ያሳደገችው በዚያ ጠላ ነው። አኬሎ ገና በልጅነቷ ብቅል ታበቅላለች፣ ታምሳለች፣ ትፈጫለች፤ እናቲቱ እንደምትለው የልጅቷ ምላስ ከእሷም ይፈጥን ነበር።

ከዚያ ማማ አርየት የወንጌል አማኝ ሆነች። ያኔ ጠላዋን ጠጥቶ ሲወጣ ባሮ ውስጥ ገብቶ የቀረ አንድ ጎረቤት ነበር። ማንም እሷን አልወቀሳትም፤ እሷ ግን የሰውየውን ሚስት ፊት ማየት አቃታት። አንድ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አልጠምቅም፤ አፌም ላይ አላደርግም» አለች። ሰኞ ጋኖቿን አንድ በአንድ ተሸክማ ወንዙ ውስጥ ወረወረቻቸው።

አኬሎ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመጨረሻው ጋን ውሃ እየጠጣ ሲሰምጥ ደረሰች።

«እኔንም እኮ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው» አለቻት። «እኔንስ መቼ ነው የምትወረውሪኝ?»

«መልስ ነበረኝ» አለችኝ ማማ አርየት ኒሙ ሥር፣ «ግን አንገቴ ላይ ቆመ። ይኸው እስከ ዛሬ እዛ ነው።»

አኬሎ በዓመቱ ደቡብ ሱዳን ያለ አጎቷ ጋ ሄደች፣ ከእሱ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ በትምህርት ስኮትላንድ። በገና ትደውላለች። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ሞቀ? ሞቀ። በረደ? በረደ። ማማ አርየት ልጇ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት «ፋብሪካ» ትላለች። የምን ፋብሪካ ብላ ጠይቃት አታውቅም።

ጠርሙሱ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ኩሌ ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከስኮትላንድ የመጣ አንድ ደቡብ ሱዳናዊ ወጣት ሻንጣውን ከተቀበለ በኋላ፣ «አርየት የምትባል እናት እዚህ ትሠራለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ከወፍራም የሱፍ ካልሲ ውስጥ አንድ ጥቁር ጠርሙስ አወጣ። አፉ በቀይ ሰም ታሽጓል። አንገቱ ላይ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት አለ።

ማማ አርየት ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ማንበብ አትችልም። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ የጻፈችው እዚህ የሚገኝ ማንም ሰው እንዲያነብላት በአማርኛ ነው።

«እማ፣ ይህን መጠጥ የጠመቅኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካ እሠራለሁ ብዬሽ ነበር፤ ፋብሪካው የቢራ ነው። አልዋሸሁሽም፣ ግን አልነገርኩሽም። ከገብስ የተሠራ ነው፣ ጠንካራ ነው። አንቺ ማር በወጣበት ጋን እንደምታስተኚው፣ እኛም ውስኪ በወጣበት በርሜል ዓመት ሙሉ እናስተኛዋለን። እዚህ ሰዎች አዲስ ዘዴ ነው ይላሉ። እኔ ዝም እላለሁ። ቅመሽው። መቅመስ ካልፈለግሽ ደግሞ ባሮ ቅርብ ነው።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ድምፄ ወረደ። ማማ አርየት ጣቷን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ሰሙ ታሽጓል፣ ምንም አይሸትም። እሷ ግን ረጅም ጊዜ አሸተተችው።

ጠርሙሱ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ ሦስት ወር ቆየ። ሙቀቱ አስጨነቀኝ። የካቲትና መጋቢት ጋምቤላ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚመስሉ የኖረበት ያውቀዋል። «ማማ፣ ይበላሻል» አልኳት።

«እኔም እየተበላሸሁ ነው» አለችኝ።

የቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ጸሎት ሰብሳቢ ነበረች፤ የአዳራሹ ቁልፍ ሁልጊዜ ከአንገቷ በክር ይንጠለጠላል። ከዚያ ቁልፍ የሚበልጥ ክብር አልነበራትም። እኔ ሞኙ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ፣ «እዚህ ማን ያይሻል? አንድ ጊዜ ቅመሽና ዝም በይ» አልኳት። እንደዚያ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም።

«ቃሌን የሰጠሁት ፊት ለፊት ነው። ካፈረስኩም ፊት ለፊት ነው። ተደብቄ ልጄን ልቅመስ? ልጄ ነውር ናት?»

በሚቀጥለው እሑድ ተነስታ ለጉባኤው ተናገረች። ቦታው ላይ አልነበርኩም፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። «ልጄ ደብዳቤ ልካልኛለች። ደብዳቤው ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ፊደል አላውቅም፤ የማነበው በምላሴ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሌን አፈርሳለሁ። ቁልፉን ውሰዱ።» ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፓስተሩ «ማማ፣ ትንሽ ጊዜ ወስደሽ ጸልዪበት» አላት። ሦስት ወር ጸልያለሁ አለችው። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ አለቀሱ። የሃያ ዓመት ጓደኛዋ ግን ፊቷን አዙራ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስታያት ትሻገር ጀመር። ያቺ ጓደኛ ወንዙ የወሰደው ሰውዬ ሚስት ነበረች፤ ጓደኛሞች የሆኑት ማማ አርየት ጋኖቿን ከጣለች በኋላ ነው።

ሰኞ ዕለት አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ኒሙ ሥር ተቀመጥን። ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ጠቁሯል፣ ዝናብ ግን ገና ሩቅ ነበር። ሰሙን በቢላዋ ፋቅኩላት። ክዳኑ ሲከፈት እንደ ትንሽ ትንፋሽ ያለ ድምፅ አሰማ። በሻይ ብርጭቆ ቀዳችው። ጥቁር ነበር፤ ብርሃን ላይ ሲያዙት ጫፉ እንደ ባሮ ክረምት ውሃ ይቀላል። አረፋው ቡናማ ነው፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

መጀመሪያ አሸተተች። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች አላውቅም፤ የደመናው ጥላ ከሜዳው ጫፍ ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ አሸተተችው።

«እንጨት አለ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እሳት ያየ እንጨት። ከውስጥ በኩል የተጠበሰ። ከዛ... እዚህ ሌላ ሰው ተኝቶ ነበር። ኃይለኛ ሰው። ተነስቶ ሄዷል፣ ግን አልጋው እስካሁን ይሞቃል።»

«ውስኪው ነው» አልኳት።

«ስሙን አላውቀውም። ዝናብ አለ ደግሞ። የእኛ ዝናብ አይደለም፤ ቀዝቃዛ፣ የማያቆም።» ብርጭቆውን ወደ እኔ አስጠጋችው። «አንተ አትጠጣም፣ አውቃለሁ። አሽትት ብቻ።»

አሸተትኩ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። እሷ «ማር፣ ጭስ የጠጣ ማር» ስትል ግን ማሩ መጣ። «ቴምር» ስትል ቴምሩ መጣ፣ እናቴ ለረመዳን የምታስቀምጠው ዓይነት። ስም ስትሰጠው ነገሩ ከጨለማ ውስጥ እየተነሳ ይመጣል። ሁለታችንም የማንጠጣ ሰዎች፣ ባዶ አየር ማረፊያ ጀርባ፣ አይተነው በማናውቀው አገር ዝናብ ውስጥ ተቀምጠን ነበር።

ከዚያ ጠጣች። አንድ ጉንጭ። አፏ ውስጥ ይዛው ቆየች፣ ዋጠችው፣ እና ዓይኗን ገለጠች።

«አሳርራዋለች!»

«ምኑን?»

«ብቅሉን! ብቅሉን አሳርራዋለች! ከልጅነቷ ጀምሮ! እሳቱን ትረሳዋለች፣ መጽሐፍ ታነባለች፣ ብቅሉ ያራል። በየቀኑ ነው የምቆጣት። ይኸው! እዛ ድረስ ሄዳ...» ትስቃለች፣ እንባዋ ደግሞ አገጯ ላይ ደርሷል። «ሰይድ፣ እሷ ናት። ልጄ ናት። ደውልልኝ።»

በስልኬ ደወልኩ፤ ምስሉ ተከፈተ። አኬሎ ነጭ ጋዋን ለብሳ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቆማለች። ከኋላዋ በርሜሎች በረድፍ ተጋድመዋል። ማማ አርየት ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም፣ «ምንድነው እሱ፣ ጉማሬ ነው?» አለች።

«በርሜል ነው፣ እማ።»

«ጉማሬ ነው የሚመስለው። የተኛ ጉማሬ።» ቀጠለችና፣ «አኬሎ፣ ብቅሉን አሳርረሽዋል።»

የሚነጋገሩት በአኙዋክኛ ነው፤ አብሬያት በቆየሁበት ዓመታት የምሰማውን ያህል ተምሬያለሁ። አኬሎ እጇን ከኋላዋ ባለው በርሜል ላይ አሳረፈች።

«ሆን ብዬ ነው» አለች አኬሎ። «እንድታውቂኝ ብዬ።»

ማማ አርየት ያን ጊዜ አንገቷ ላይ ለዓመታት ቆሞ የነበረውን አወጣችው። «አንቺን አልወረወርኩም። እጄ ውስጥ የነበረው ጋን ነው። አንቺ ስትመጪ እጄ ሞልቶ ነበር፣ ልይዝሽ አልቻልኩም።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ተነስቼ እስከ አጥሩ ድረስ ሄድኩ። ሁለት እርኩሞች ሳሩ ውስጥ ቀስ እያሉ ይራመዱ ነበር፤ እነሱን አየሁ። ስመለስ የስልኬ ሂሳብ አልቆ ምስሉ ጠፍቷል፤ እሷ ግን ጥቁሩን መስታወት እንደያዘች ነው። ከአንዱ ብርጭቆ በላይ አልጠጣችም። «ልጄን ቀምሻለሁ። ከዚህ በላይ ስካር ነው» ብላ የቀረውን ኒሙ ሥር አፈሰሰችው። ጉንዳኖቹ ለሁለት ቀን ከዚያ ቦታ አልጠፉም።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ይነጋገሩ ነበር፣ አንዳንዴ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ። ማማ አርየት ወደ ቃሏ ተመለሰች፤ ዳግመኛ አልጠመቀችም፣ አልቀመሰችም። ማሽላው ስንት ቀን እንደሚነከር፣ ጋኑ ስንት ክንድ እንደሚቀበር ግን አንድ በአንድ ለልጇ በስልክ ነገረቻት፤ አኬሎ ጻፈችው። የአዳራሹ ቁልፍ ለሌላ ሴት ተሰጠ። ማማ አርየት ስለ ቁልፉ አንድም ቀን አላነሳችም፣ ግን እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ሲሄድ አስተውል ነበር። በዓመቱ ገደማ ያቺ ፊቷን ያዞረችባት ጓደኛዋ አየር ማረፊያው ድረስ በእግሯ መጣች። ወለሉ እስኪደርቅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ምን እንዳለቻት ታውቃላችሁ?

«ለመሆኑ ይጣፍጥ ነበር?»

ማማ አርየት ጉልበቷ ሲደክም ሥራዋን ትታ ኢታንግ እህቷ ጋ ገባች። አኬሎ ለመምጣት ትኬት የቆረጠችው ለመጪው ወር ነበር። ትኬቱን አስቀይራ ሐሙስ ዕለት ደረሰች። በዚህ ሙቀት አስከሬን ሁለት ቀን አይጠብቅም፤ እናቷ ከተቀበረች ሁለት ቀን ሆኗል።

ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ወዲያው አወቅኳት፤ ፀሐዩ ውስጥ ቆማ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍስ ነበር። የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የያዘችው። ወደ እኔ መጣችና «ሰይድ» አለችኝ፤ ጥያቄ አልነበረም። አለቃዬን አስፈቅጄ አብሬያት በኢታንግ መኪና ተሳፈርኩ። ከተማውን ወጣን። ሳሩ በሁለቱም በኩል ይሸሻል፣ ዓይኗ እሱ ላይ ነው።

«ያን ቀን» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ ምን አለች? ለእኔ የነገረችኝ ብቅሉን ማሳረሬን ብቻ ነው። በየእሑዱ እጠይቃታለሁ፣ ጣፈጠሽ ወይ እላታለሁ፤ ወሬ ትቀይራለች።»

እኔም ለማንም አልተናገርኩትም ነበር፤ ማማ አርየት ከልክላኝ ስለነበር። ያን ቀን ጥቁሩን ስልክ መልሳ ስትሰጠኝ እጄን ያዝ አድርጋ፣ በአማርኛ አይደለም፣ በራሷ ቋንቋ ነበር የተናገረችው። ቀጥላም በአማርኛ «አትንገራት፣ ትኮራለች» አለችኝ።

«ከእኔ ትበልጣለች ነው ያለችው» አልኳት። «እጄ ከእሷ እጅ ጋር አይወዳደርም፤ እኔ መንገዱን አሳየኋት እንጂ እዚያ ደርሼ አላውቅም።»

አኬሎ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ።

«እሷ እንዳለችው በለው» አለችኝ። «በእኛ ቋንቋ።»

በተሰባበረው አኙዋክኛዬ አልኩት። አንዱን ቃል አረመችኝና እንደገና በለው አለችኝ። ኢታንግ እስክንገባ አራት ጊዜ አስደገመችኝ።